የአሜሪካን ዳኛ ማን እንደሚመርጠው እኛን ብትጠይቁን ኖሮ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

«በአሜሪካ ዳኛ አንዴ ከተሾመ ዕድሜ ልኩን ስለሚያገለግል ከፓርቲም ከገንዘብም ተጽዕኖ ነፃ ነው» ብላችሁ ጻፋችሁ። ስለ አገራችን ፍርድ ቤቶች ነፃነት ያወጣችሁት ዘገባ በሌላው ነገሩ ደህና ነበር። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ስልኬን አስቀምጬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ተናደድሁ።

የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ የስቴቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች የምመርጠው እኔ ነኝ፤ እኔና ጎረቤቶቼ። «ዕድሜ ልክ» ያላችሁት ዳኛ እኛ ዘንድ ስድስት ዓመት ነው የሚያገለግለው። ስድስቱ ዓመት ሲሞላ ተመልሶ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያስነግራል፣ በየሣር ሜዳው ስሙን ያስተክላል፣ መዋጮ ይሰበስባል። «ከፓርቲ ነፃ» ያላችሁት ዳኛ ደግሞ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከስሙ ጋር የፓርቲው ስም ታትሞ ይደርሰኛል። በ38 ስቴቶች የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድም በሌላም መንገድ የሕዝብ ድምፅ ይሰጥባቸዋል። ይህን ያህል አገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጥፋት እንዴት ያለ ችሎታ ነው!

«እኛ ያልነው ስለ ፌዴራል ዳኞች ነው» ትሉ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ መጻፍ ነበረባችሁ። እሱም ቢሆን እውነትነቱ ግማሽ ነው፦ የዕድሜ ልክ ሹመቱ አለ፣ ነፃነቱ ግን አጠያያቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦባማ ሜሪክ ጋርላንድን ለፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲያጩ ሴኔቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች «የምርጫ ዓመት ነው» ብለው ጥያቄ እንኳን ሳያቀርቡላቸው ወራት አሳለፉ። በ2020 ደግሞ ምርጫው 8 ቀን ሲቀረው ኤሚ ኮኒ ባሬትን በ52 ለ48 ድምፅ አጸደቁ፤ አንድ ዴሞክራት እንኳን አልደገፋቸውም። ይህ ከፓርቲ ነፃ ከሆነ የእኛም ፓርላማ ነፃ ነው በሉኛ።

የሆነው ሆኖ የእኛን ሰው ሕይወት የሚነካው ያ ከፍ ያለው ፍርድ ቤት አይደለም። ከቤት ማስለቀቅ፣ ፍቺ፣ የልጅ አሳዳጊነት፣ የመኪና አደጋ፣ የኢንሹራንስ ክርክር፣ ይህ ሁሉ የሚታየው በስቴት ፍርድ ቤት ነው። (የኢሚግሬሽን ዳኞችማ ጭራሽ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሠራተኞች ናቸው፤ እሱን ሌላ ቀን ስትጽፉበት እሟገታችኋለሁ።)

እስቲ የኦሃዮን ልንገራችሁ፣ ሪፖርተር ልካችሁ አታውቁምና። ጠቅላይ ፍርድ ቤታችን 7 ዳኞች አሉት። ድሮ ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን ቢያቀርቡም በመጨረሻው ምርጫ ወረቀቱ ላይ የፓርቲ ስም አይጻፍም ነበር። በዚያ አሠራር በ2018 እና በ2020 ሦስት ዴሞክራቶች አሸነፉ፤ ከእነሱ አንዷ ሜሎዲ ስቱዋርት ለዚያ ፍርድ ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። በሪፐብሊካኖች የተያዘው ምክር ቤት በ2021 ሕጉን ለወጠና ከ2022 ጀምሮ የፓርቲ ስም እንዲጻፍ አደረገ። ከዚያ በኋላ በ2022 ሦስት፣ በ2024 ሦስት ወንበር ለውድድር ቀረበ፤ ስድስቱንም ሪፐብሊካኖች ወሰዱ። ስቱዋርትም ተሸነፉ። አሁን 6 ለ1 ነው። ስቴቱ ራሱ ወደ ሪፐብሊካን አዘንብሏልና ያሸነፈው የተጻፈው ስም ብቻ ነው አልልም። ግን ሕጉን የለወጡት ሰዎች ለውጡ ምንም አያመጣም ብለው የደከሙ አይመስለኝም።

በዚያው በ2022 የምርጫ ክልሎች ካርታ ለሪፐብሊካኖች ያደላል የሚል ክርክር ነበር። ካርታውን ከሚያወጣው ኮሚሽን አባላት አንዱ አገረ ገዢው ማይክ ደዋይን ናቸው። ክሱን ከሚያዩት 7 ዳኞች አንዱ ደግሞ ፓት ደዋይን። አዎ፣ ልጃቸው። «ከችሎቱ ልነሣ» አላሉም። አባት ያወጣውን ልጅ ሲመረምር ማየት ለእኛ ለሐበሾች ባይደንቅም፣ ከእናንተ «አርአያ» አገር ግን አልጠበቅሁትም! ካርታውን በ4 ለ3 ደጋግመው ውድቅ ያስደረጉት ዋና ዳኛዋ ሞሪን ኦኮነር ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ሪፐብሊካን ሆነው ከዴሞክራቶቹ ጋር ቆሙ። የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች በክስ ከወንበር እናንሣቸው ማለት ጀመሩ። ዓመቱ ሲያልቅ በዕድሜ ገደብ ወጡ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ሲለቁ የሆነውን የምታስታውሱ አንባቢዎች ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ እናንተ «የለም» ወዳላችሁት። ዊስኮንሲን በኤፕሪል 2025 አንዲት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ለመሙላት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰ። ኤሎን መስክ ግሪን ቤይ ከተማ መድረክ ላይ ወጥቶ ለሁለት መራጮች የአንድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቼክ አደለ። ቢሊየነሩ ጆርጅ ሶሮስም በሌላው ወገን ለዴሞክራቲክ ፓርቲው ሚሊዮኖች ሰጥቷል፤ አንዱን ወገን ብቻ ስወቅስ እንዳታገኙኝ። በመጨረሻ የመስክ እጩ ተሸነፉ፣ ስለዚህ ገንዘብ ሁልጊዜ አይገዛም። ገንዘቡ ግን ለምን እንደሚወጣ የዌስት ቨርጂኒያው ታሪክ ይነግራችኋል። የድንጋይ ከሰል ድርጅቱ የማሲ ኢነርጂ ኃላፊ ዶን ብላንከንሺፕ ድርጅቱ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት ይግባኙ ገና ሳይታይ በ2004 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ምርጫ ላይ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሰ። የደገፋቸው ብሬንት ቤንጃሚን ተመረጡ። ይግባኙ ሲደርስም አልነሣም ብለው ተቀመጡና ፍርዱ በ3 ለ2 ተሻረ። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 «መነሣት ነበረባቸው» ብሎ ወሰነ፤ በስንት? በ5 ለ4። አራቱ አልተስማሙም።

እኔም የራሴ አለኝ። ከዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቤ ነበር። ጠበቃዬ በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ ስልኩን አውጥቶ የዳኛውን የምርጫ መዋጮ ዝርዝር አሳየኝ፦ የተቃራኒዬ ጠበቆች ቢሮ ስም እዚያ አለ፣ ከነብሩ። «ሕጋዊ ነው» አለኝ ትከሻውን ነቅንቆ። ዳኛው አዳልቷል አልልም፣ ማስረጃ የለኝም። ግን በአገሬ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሰው የሚቆመው ከዳኛው ኋላ ሌላ ሰው እንደሌለ ስለሚያምን ነው። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ስም ሳላስብ ዳኛውን ማየት አልቻልሁም።

እጩዎቹም ያውቁናል፣ በዓመት አንድ ቀን። እንቁጣጣሽ መስከረም ላይ ነው፣ ምርጫው ኖቬምበር መግቢያ። አንዷ የዳኝነት እጩ የበዓል ዝግጅታችን ላይ መጡ፣ ነጠላ ለብሰው ዶሮ ወጥ በሉ፣ ፎቶ ተነሡ። ሳምንት ሳይሞላ ከምርጫ ኮሚቴያቸው የመዋጮ ፖስታ ደረሰን። ነገ ፊቱ ልትቆም የምትችለው ዳኛ መዋጮ ሲጠይቅህ በየትኛው አፍህ እንቢ ትላለህ?

እና እናንተ ከዚህ ሁሉ አንድ ሰው አላነጋገራችሁም። ዘገባችሁ ላይ የተጠቀሱት ሁለቱም «ባለሙያዎች» ዋሺንግተን ያሉ ናቸው። ገንዘብ ወደ አገር ቤት ስንልክ «ዳያስፖራው» ትሉናላችሁ፤ ዳኛ ስንመርጥ ግን የለንም። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ይዘው የሚጠይቁኝን አባቶች ብታዩ ደስ ባለኝ። አንድ ጋሼ በፖስታ የመጣላቸውን የድምፅ መስጫ ገልብጠው ጀርባውን እያሳዩ «ልጄ፣ እነዚህን ሁሉ ዳኞች እኔ ነኝ እንዴ የምሾማቸው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ» ብላቸው አላመኑኝም፤ እናንተን ነዋ የሚያነቡት! የዳኞቹን ዝርዝር ባዶውን ትተው አሸጉት። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ፊት ለፊቱን ይሞላል፣ ጀርባውን ይተወዋል፤ ማን ማን እንደሆነ በአማርኛ የጻፈለት የለምና።

ስለ አገር ቤቱ ሹመት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅርቦ ምክር ቤቱ ስለሚያጸድቀው፣ ጠበቅ አድርጋችሁ መጻፋችሁን እደግፋለሁ። ለመተቸት ግን የሌለ አሜሪካ መፍጠር አያስፈልጋችሁም ነበር።

እርማቱን በገጹ ግርጌ በትናንሽ ፊደል እንዳታወጡት፤ ስህተቱ በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን ይውጣ። ሌላም አለ። በኖቬምበር 2026 ኦሃዮ ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበሮች ለምርጫ ይቀርባሉ፤ አንደኛው የቀሩት ብቸኛ ዴሞክራት የጄኒፈር ብሩነር ነው። ከዚያ በፊት እጩዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ከማን ምን ያህል እንደተቀበሉ በአማርኛ ጻፉልን። የመዋጮው ዝርዝር ለማንም ክፍት ነው። ጸሐፊ ካጣችሁ አድራሻዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ጋሼን ይዤ እመጣለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ