ጎሀ ጽዮን ላይ ላስቆመን ትራፊክ ፖሊስ

ልጄ፣ ስምህን አልጠየቅሁም። ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳችን በፊት ጎሀ ጽዮን ላይ ሚኒባሳችንን ስታስቆም፣ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጬ «አንተ እናት የለህም ወይ? ልቀቀን እንጂ!» እያልሁ ስጮህብህ የነበርሁት እኔ ነኝ። የወንድሜ ተዝካር በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ነበር፤ መሽቶብን እዚያው እንዳናድር ፈርቼ ነው።

አንተ አልተቆጣህም። በዱካና በጀሪካን ላይ የተቀመጡትን 5 ትርፍ ሰዎች አስወረድህ፤ ሌላ መኪና አስቁመህም አሳፈርሃቸው። ረዳቱ ሊጨብጥህ ሲጠጋ በመዳፉ ምን እንደያዘ ሁላችንም ገብቶናል። እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ ክሱን ጻፍህ። ከዚያ «ቀበቶ እሰሩ» አልኸን። እኔ ተኮሳትሬ ፊቴን ሳዞር የልጅ ልጄን ቀበቶ ያሰርህለት አንተ ነህ። ሹፌሩንም «በፎሌ፣ ማርሽ ሳታስገባ፣ እንዳትወርድ፣ በሁለተኛ ማርሽ ያዘው፤ የፍሬኑ ሸራ ከጋለ ፍሬን አይኖርህም» ስትለው ሰምቻለሁ።

ከጎሀ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ክፍል እስከ ድልድዩ ድረስ ቁልቁለት ነው፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ ተጣምሟል። ብዙም ሳንወርድ የሚያቃጥል ሽታ መጣ። ሹፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠ። «እንቢ አለኝ!» አለ። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ስለነበር ፍጥነቱ ገና ከእጁ አልወጣም። ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው አዞረው። ድንጋዩን እየፋቀ ሄዶ በጎኑ ተጋደመ። ሁላችንም ተርፈናል። የእኔ ግራ ክንድ ተሰበረ፤ ሕፃኑ ግንባሩ ላይ ከመጫር በቀር ምንም አልሆነም፣ በቀበቶው ተንጠልጥሎ ነው ያገኘሁት።

በመስኮት ጎትታችሁ ያወጣችሁን የአካባቢው ወጣቶች፣ ሲሚንቶ ጭነህ ወደ ደጀን ስትሄድ ቆመህ ጋቢናህን ለቁስለኞች የለቀቅኸው የአይሱዙ ሹፌር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ገንዘብ ይዛችኋል?» ሳትሉ የተቀበላችሁን ነርሶችና ሐኪሞችም እንዲሁ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለማንኛውም የመኪና አደጋ ተጎጂ እስከተወሰነ ገንዘብ የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና በነፃ እንደሚፈቅድ ያወቅሁት አልጋው ላይ ተኝቼ ነው፤ ያላወቀ ሁሉ ይወቀው።

ሹፌራችንም ማርሹን ስላልለቀቀ ምስጋናዬ ይድረሰው። መጥቶ እግሬ ሥር አልቅሷል፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ወንድሜ፣ ያንን ፍሬን ከመናኸሪያ ሳትወጣ ማስፈተሽ ነበረብህ።

ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ከእኔ ጉልበት ጋር ተጠጋግታ ዱካ ላይ የተቀመጠች፣ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። መኪናው የተጋደመው እሷ ከመውረዷ በፊት በተቀመጠችበት በኩል ነው። ከአንተ ጋር ስከራከር እሷም እንዳትወርድ ነበር የምለምንህ፤ ርኅራኄ መስሎኝ። ትርፍ ሲጫን «ጠጋ በሉ» የምንል፣ ትራፊክ ሲያስቆም «ማርልን» ብለን የምንለምን እኛው ተሳፋሪዎቹ ነን። ያን ቀን አንተ እኔን ሰምተኸኝ ቢሆን ኖሮ ያቺን ሴት ምን እላት ነበር?

ጀሶው ከተፈታልኝ በኋላ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ጎሀ ጽዮን ላይ ወርጄ እፈልግሃለሁ። እናትህ በሕይወት ካለች የት እንደምትኖር ትነግረኛለህ፤ እሷንም ማመስገን እፈልጋለሁ።