የቅልጥም ስብራት ሁሉ ብረት አይፈልግም

ስለ ቅልጥም ስብራት ያወጣችሁት ጽሑፍ ቀዶ ሕክምናን ብቻ መፍትሔ አድርጎ ማቅረቡ ልክ አይደለም። የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር አውጉስቶ ሳርሚየንቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ጉልበትን ነፃ የሚተው ጀሶ አስተዋወቁ፤ ብሬሱም (ቅልጥሙን ዙሪያውን የሚይዘው፣ የሚታሰረው ድጋፍ) ከዚያ መጣ። ቆዳው ካልተቀደደና አጥንቱ ብዙ ካልተዛነፈ፣ መጀመሪያ በጀሶ ይቆይና እብጠቱ ሲጎድል ብሬስ ይታሰራል፤ ብሬሱ ጡንቻውን ዙሪያውን ጨምቆ አጥንቱን ይደግፋል፣ ታካሚው ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን እያንቀሳቀሰ ይራመዳል፣ መራመዱም አጥንቱ እንዲገጥም ያግዛል። ከቀዶ ሕክምና የሚመጣ የኢንፌክሽን ስጋትም አይኖርም። እግሩ በጥቂት ሚሊሜትር ቢያጥር እንኳ ብዙውን ጊዜ አያስነክስም።

ክትትል ግን የግድ ነው። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የሚደርሰው ክትትል ስለሌለ ነው።

ጤና ሚኒስቴር ብሬስና የራጅ ክትትል በዞን ሆስፒታሎች እንዲኖር ያድርግ፤ ሐኪሞችም ቀዶ ሕክምና ከመወሰናቸው በፊት ይህን አማራጭ ለታካሚው ያስረዱ።