ክፍልፋዩ ከመነሻው ይያዝ

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ለንግድ ቤቶች የሒሳብ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣት ባለሙያዎች የሳንቲም ጉድለት ሲያጋጥማቸው፣ ስሌቱ ካለቀ በኋላ ውጤቱን ወደ ክፍልፋይ ለውጠው ሊያቃኑት ሲሞክሩ አያለሁና፣ ይህ አካሄድ የማያዋጣበትን ምክንያት በጋዜጣችሁ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

ኮምፒውተር ፍሎቲንግ ፖይንት በሚባለው የተለመደ አሠራር የሚይዘው ክፍልፋይ ሁሉ ታህቱ የ2 ርቢ ነው። አሥር ግን አምስትን በውስጡ ስለያዘ አንድ አሥረኛ በዚህ መንገድ በትክክል ሊጻፍ አይችልም። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ 0.1 ብለን ጽፈን ወደ ክፍልፋይ ለውጥ ብንለው የምናገኘው 1/10 ሳይሆን 3602879701896397/36028797018963968 ነው። እርግጥ ነው፣ ታህቱ ከተወሰነ መጠን የማይበልጥ፣ ለቁጥሩ እጅግ የቀረበ ክፍልፋይ እንዲፈልግ ብናዘው 1/10ን ይመልስልናል፤ ነገር ግን ይህ ግምት ነው፣ ከብዙ መደመርና ማባዛት በኋላም ትክክል ለመሆኑ ዋስትና የለውም።

ስለዚህ ክፍልፋዩ መሠራት ያለበት ቁጥሩ ከደረሰኝ ሲነበብ፣ ገና ጽሑፍ ሳለ ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተጨመረበትን ዋጋ እንውሰድ፤ ከታክስ በፊት የነበረውን ለማግኘት ለ1.15 ማካፈል በ20/23 ማባዛት ማለት ነው። 23 ለአሥርዮሽም ስለማይመች፣ ብዙዎች መፍትሔ የሚሉት የአሥርዮሽ አያያዝ እንኳ አንድ ቦታ ላይ መቁረጡ አይቀርም። ክፍልፋዩ ግን ሳይሸራረፍ ቆይቶ፣ ወደ ሳንቲም የሚጠጋጋው በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ነገሩን እንደ ቅንጣት የሚቆጥሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የደረሰውን ያስታውሱ። የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ጊዜን በአሥረኛ ሰከንድ፣ በሙሉ ቁጥር ይቆጥር ስለነበር ቆጠራው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ቆጠራው ወደ ሰከንድ ሲለወጥ የተባዛበት፣ በ24 ቢት (በ24 የ0 እና የ1 አኃዞች) የተቆረጠው አንድ አሥረኛ ነው። ከ100 ሰዓት ሥራ በኋላ ልዩነቱ 0.34 ሰከንድ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ሳይመታ ያለፈው የስከድ ሚሳይል 28 የአሜሪካ ወታደሮችን ገደለ።

በክፍልፋይ ማስላት የራሱ ጣጣ አለው፤ ታህቶቹ በየመደመሩ እየገዘፉ ሥራውን ስለሚያዘገዩ ለአየር ጠባይ ትንበያ አልመክረውም። ለደረሰኝና ለወለድ ግን ፍጥነቱ ይበቃል። ፕሮግራም የሚገዙ ድርጅቶችም ውል ከመፈረማቸው በፊት ገንዘባቸው በምን ዓይነት ቁጥር እንደሚያዝ፣ መጠጋጋቱም በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚፈጸም ሻጩን በጽሑፍ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ ፕሮግራም ባለሙያ
ከአዲስ አበባ