«ዶክተር ልትሆን ነው» ብላችሁ ገና አታውሩ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። የእኛ ገና ዘንድሮ ቤት ውስጥ ነው ያለፈው። ልክ በዋዜማው፣ ሰኞ ዕለት፣ በረዶ ሲወርድ ዋለና መንገዱ ተዘጋ። ቤተክርስቲያን ሳንሄድ ቀረን። ዶሮውን ግን አልተውነውም። ባለፈው በላክሽው በርበሬ ሠራሁት። ሚጡ አፍንጫዋን እየጠረገች ሦስት ጊዜ አስጨመረች።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ጀምሬ መሰለሽ። አንቺ «ሚጡ ሕክምና ገባች ወይ?» ስትይ ወይ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ወይ እማዬ ስልኩን ትነጥቅሽና ስለ ጉልበቷ ትጀምራለች። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ዛሬ ከሥራ መልስ ቁጭ አልኩ። በማሙሽ ቴሌግራም እልከዋለሁ፣ እሱ ያነብላችኋል። ማሙሽ፣ ስታነብ አትዝለል። ወደ መጨረሻው ያንተም ጉዳይ አለ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። እማዬ እድር ላይ «የልጅ ልጄ አሜሪካ ዶክተር ልትሆን ነው» ብላለች አሉ። ጎረቤቶቻችንም ለሚጡ ዱዓ ይዘዋል አልሽኝ። ዱዓው ይቀጥል፣ እሱን እንፈልገዋለን። ወሬው ግን ይቁም። ያለው ማመልከቻ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ወይዘሮ ስሂን ስንማር ማትሪክ እንፈተናለን፣ ነጥብ ይመጣል፣ ምርጫ ይሞላል፣ ምደባ ይለጠፋል። ነጥብሽ ከሞላ ጥቁር አንበሳ ወይ ጎንደር ትገቢያለሽ። ካልሞላ ትቀሪያለሽ፤ ግን ለምን እንደቀረሽ ታውቂያለሽ። እዚህ ለምን እንደቀረሽ የሚነግርሽ የለም። ለምን እንደገባሽም።

ደግሞ ከሀይስኩል ወጥቶ ቀጥታ ሕክምና መግባት እዚህ የተለመደ አይደለም። መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ ነው። ከዚያ ኤምካት የሚሉት ፈተና አለ፣ ከ528 ነው የሚታሰበው። ከዚያ እንደገና ማመልከት። በዓመት 52 ሺህ ሰው ገደማ አመልክቶ የሚገባው 23 ሺህ አካባቢ ነው። የገባ አራት ዓመት ይማራል፣ ከዚያ ሬዚደንሲ የሚሉት፣ ሆስፒታል እየሠሩ ሙያውን የሚለማመዱበት፣ እንደ ሙያው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት። ቁጠሪው እስቲ። ሚጡ ሁሉም ቢሳካላት እንኳ ለብቻዋ ቆማ በሽተኛ የምታየው ሃያ ዘጠኝ ዓመት አካባቢ ሲሆናት ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ። «ታዲያ መቼ ልታገባ ነው?»

አሁን ሚጡ የሞከረችው ሌላ በር ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ኮሌጁንና የሕክምና ትምህርት ቤቱን አንድ ላይ ይሰጣሉ። ገና ከሀይስኩል ሳትወጪ ታመለክቻለሽ፤ ከተቀበሉሽ የሕክምናው ወንበር ይጠብቅሻል። ሮድ አይላንድ ያለው ብራውን ስምንት ዓመት ነው፣ ኤምካትም አይጠይቅም። ካንሳስ ሲቲ ያለው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስድስት ዓመት ያስተምራል። ከኛ አገሩ ጋር የሚመሳሰለው እሱ ነው፣ ግን ለራሱ አካባቢ ልጆች ያደላል። እዚሁ እኛ ስቴት፣ ሪችመንድ ውስጥም ቪሲዩ የሚሉት ዩኒቨርሲቲ አለ። ሚጡ ብራውንንና ቪሲዩን ሞልታለች። የቀሩት ተራ የኮሌጅ ማመልከቻዎች ናቸው።

ከነዚህ አንዱ ሃዋርድ ነው፣ ዋሽንግተን ያለው። አባቷ ታክሲውን በዚያ በኩል ባሳለፈ ቁጥር ስለ መላኩ በያን ሳያወራ አያልፍም። ወሎ ተወልዶ ሐረር ያደገው መላኩ በ1935 እ.ኤ.አ. ከዚያ በሕክምና ተመርቆ አገሩ ገባ፤ በዚያው ዓመት ጣሊያን ወረረን። ሚጡ ታሪኩን በቃሏ ይዛዋለች። አባቷ ሲጀምር እሷ ትጨርስለታለች።

እንግዲህ ቁጥር ልንገርሽ። አምና የማትሪክ ውጤት ሲወጣ አገሩ ሁሉ እንዴት እንዳዘነ ታስታውሻለሽ። ከ674,823 ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 36,409 ነበር። 5.4 በመቶ። ሃርቫርድ ደግሞ አምና 54,008 ሰው አመልክቶበት የተቀበለው 1,937 ነው። 3.6 በመቶ። የብራውኑ የሕክምና ፕሮግራም የሚወስደው ከመቶ አመልካች ሦስት እንኳ አይሞላም። ማትሪክ ላይ የቀረው ልጅ ነጥብ ጎድሎት ነው። እዚህ የሚያመለክተው ግን አብዛኛው ኤ ደርድሮ የመጣ ነው። የክለብ ፕሬዚዳንት የሆነ፣ ላቦራቶሪ የሠራ፣ ቫዮሊን የሚጫወት። «እናዝናለን» የሚለው ኢሜይል የሚደርሰው ለነዚህ ልጆች ነው።

ሚጡ ውጤቷ ጥሩ ነው። ከአንድ ቢ በቀር ሁሉም ኤ ነው። ቢዋ የኬሚስትሪ ናት፣ ስሟን አታንሺባት። ኤስኤቲ በሚሉት የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ1600 ነጥብ 1480 አመጣች። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት እሷ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ብራውን የሚገቡት አብዛኞቹ ከ1500 በላይ ናቸው አለችኝ በኋላ። ከኮሮና ወዲህ ፈተናውን ማስገባት ግዴታ አልነበረም። ዘንድሮ ብራውን መልሶ ግዴታ አደረገው። የኛ ነገር!

ጥቅምት ላይ ጨንቆኝ አንድ አማካሪ ጋ ወሰድኳት። እዚህ ልጅ ኮሌጅ ለማስገባት መምከር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለአንድ ሰዓት 300 ዶላር፤ የእኔ የሁለት ሌሊት ደሞዝ። ሰውዬው ወረቀቷን ገላለጠና «ለሕክምናው ፕሮግራም ዕድሏ 15 በመቶ ነው» አለን። እንዴት አወቅህ ብለው «በልምድ» አለኝ። እታለም፣ ፒያሳ የነበሩትን ስኒ አንባቢ ታስታውሻቸዋለሽ? እሳቸው እንኳ «መንገድ ይታየኛል» ብለው ነው የሚተዉት። በመቶኛ ተናግረው አያውቁም።

አንድ ነገር ግን እውነቱን ነው። ሐኪም ሲሠራ እየተከተለች ያየችበት ሰዓት ትንሽ ነው አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች «ሕክምና እፈልጋለሁ ስትይ ምን አይተሽ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አባቱ ሐኪም የሆነ ልጅ ቁርስ ላይ ጠይቆ ይጨርሳል። እኛ ማንን እናውቃለን? እኔ የማውቃቸው የማገላብጣቸውን አዛውንቶች ነው። በስንት ልመና ቤተክርስቲያን የምናውቃት አንዲት የኛው አገር ሐኪም አራት ቅዳሜ አስከተለቻት። ቀሪውን ጊዜ ሚጡ እኔ የምሠራበት የአረጋውያን ማቆያ እየመጣች በፈቃደኝነት ስታጎርስ ከረመች።

ደግሞ ድርሰት አለ፣ ከ650 ቃል የማይበልጥ። ስለራስሽ ትጽፊያለሽ። መጀመሪያ ስለኛ ስደት ጻፈችና ቀደደችው። «እማዬ፣ እኔ አልተሰደድኩም፣ እናንተ ናችሁ የተሰደዳችሁት» አለችኝ። ምን እላለሁ?

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ፣ እንግሊዝኛ አይችሉም። ልጃቸው ክሊኒክ ሲወስዳቸው ሚጡንም ለማስተርጎም ይዟት ሄደ፣ እሱ ስልክ ላይ ስለነበረ። ሐኪሟ «ምን ሆነው መጡ?» አለች። እናትየው ከንፈራቸውን እያሳዩ «ምች መታኝ» አሉ። ሚጡ ምች ምን እንደሆነ አታውቅም። የምታውቀውን ተረጎመች፤ «መታኝ ነው የሚሉት» አለች። በቃ! ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልጁን ውጭ ቆይ ብላ በሩን ዘጋችና «ቤት ውስጥ ማን ነው የሚመታቸው?» ብላ ጠየቀች። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ፖሊስ ያስጠራል። ሚጡ ላብ በላብ ሆና እዚያው ለኔ ደወለች። እኔ በስልክ፣ እሷ በአፏ፣ እናትየው በእጃቸው እያሳዩ፣ ምች ዱላ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብን። እናትየው ምንም ሳይመስላቸው «ዳማከሴ ካላችሁ ስጡኝ፣ ሌላ አልፈልግም» ይላሉ። ውጭ የቆመው ልጅ ፊቱ አመድ መስሏል።

ያን ማታ ሚጡ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ድርሰቱን በአንድ ትንፋሽ ጻፈችው። ስለ ምች። የከንፈሩን ቁስል ሐኪሟ ወዲያው አውቃ ስሙን ነገረቻት፣ ግን እናትየው የተናገሩትን ቃል ለመስማት መንገድ አልነበራትም ብላ ነው የጻፈችው። አነበበችልኝ። እኔ ግማሹ እንግሊዝኛ አልገባኝም። የገባኝን ያህል አለቀስኩ። አማካሪው ቢያየው ምን ይል እንደነበር አላውቅም፣ ተመልሰን አልሄድንም።

ጥቅምት መጨረሻ ቀድሞ የማመልከቻ መንገድም ነበረ። አንድ ትምህርት ቤት መርጠሽ ከተቀበሉሽ የግድ ትገቢያለሽ። ዕድሉ ሰፋ ይላል ይላሉ። ግን ብራውን ላይ ኮሌጁ ተቀብሎሽ የሕክምናው ፕሮግራም ቢተውሽም መግባትሽ አይቀርም። አባቷ ይህን ሲሰማ «ይሄማ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ በሠርጉ ቀን ወንድምየው ሙሽራ ሆኖ ሲመጣ ነው» አለ። ተዉነው። ከሌላው ሰው ጋር ባለፈው ሳምንት አስገባች። ልክ ወይም ስህተት መሆኑን አላውቅም። ሌሊት ሌሊት ይከነክነኛል።

ሰው ደግሞ «ጥቁር ስለሆነች ይወስዷታል» ይለኛል። የድሮ ወሬ ነው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን ቆጥሮ መቀበል ከልክሏል። ስለ ገንዘቡ አሁን አላወራሽም። ሕክምና ተምሮ 200 ሺህ ዶላር ገደማ ዕዳ ይዞ መውጣት እዚህ ብርቅ አይደለም። አምና ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ያለው አልበርት አይንስታይን የሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት አንዲት አሮጊት አንድ ቢሊዮን ዶላር ሰጥተውት ትምህርቱን በነፃ አድርጓል። እንዲህ ያለውም አለ። መጀመሪያ ግን ትግባ።

ማሙሽ፣ አሁን ያንተ ተራ ነው። «ከዚህ ሆኜ ባመለክትስ?» ብለኸኛል። እነዚህ የሕክምና ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ዜግነት ወይ ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። የውጭ አገር ልጅ የሚቀበሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ጥቂት ናቸው። ለተራው ኮሌጅ ግን መንገድ አለ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት የውጭ አገር ልጅን «ገንዘብ አለህ ወይ?» ሳይሉ ያዩታል፤ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሞሉለታል። ብራውንም ከዘንድሮ አመልካቾች ጀምሮ እንዲሁ። ዕድሉ ግን ከላይ ያነበብከው ነው፣ ላንተ ደግሞ ይጠብባል። ሞክር፤ የማመልከቻውን ክፍያ ይነሳልኝ ብለህ መጠየቅም ትችላለህ። «እኔ አስገባሃለሁ» ለሚልህ ደላላ ግን አምስት ሳንቲም እንዳትሰጥ። ሐኪም መሆን ከሆነ ልብህ የሚፈልገው፣ ሰኔ ላይ ማትሪክህን በደንብ ሥራና እዚያው ግባ። ሚጡን ያስከተለቻት ሐኪም ጥቁር አንበሳ ተምራ፣ እዚህ መጥታ የፈቃድ ፈተናውን አልፋ፣ ሬዚደንሲ ሠርታ ነው። እንዲያውም ዶክተር በመባል ሚጡን ሳትቀድማት አትቀርም። ይህንንም ለእድሩ አትንገሩ።

እታለም፣ የብራውን መልስ የሚመጣው መጋቢት ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚለቁት እዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እናንተ ዘንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። እማዬ እንዳትነቃ ስልኩን ድምፁን አጥፍታችሁ ተኙ። ገብታ እንደሆነ ጎህ ሲቀድ እደውላለሁ። ካልሆነም እደውላለሁ፣ ረፈድ አድርጌ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እህትሽ

ይህን ልረሳው ነበር፤ ሚጡ ስለ ዳማከሴ ጽፋ ጽፋ ቅጠሉን አይታው አታውቅም። ከጓሮ ትንሽ ቆርጠሽ በጥላ አድርቂና ፎቶውን ላኪላት። ከተቻለ ከነእማዬ እጅ አንሺው።