ደብዳቤ ለልጄ፦ ምላጭ አታስነካት

ቢኒዬ፣ የኔ ጌታ፣

ሰላም ትናንት ማታ ደውላልኝ ነበር። የሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ካንሰር ቀዶ ጥገና ጠባሳህ ጫፍ ላይ በጥቅምት ሽምብራ የምታህል የነበረችው እብጠት አሁን ባቄላ አክላለች አለችኝ። ክሎክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሁለት ዙር ጨርሰህም አልቀነሰችም። ቅዳሜ ደግሞ ሠፈር ያለው ክሊኒክ ሄደህ ልታስበጣት ነው አሉ። አትሄድም። ምላጭ አታስነካት።

ብጉንጅ ይሞቃል፣ ያማል፣ በሳምንት በአሥር ቀን አፍ አውጥቶ ይፈርጣል። ያንተዋ አታምም፣ አትሞቅም፤ ጠንካራ ናት፣ ቆዳውን ቆንጥጠህ ስታነሳው አብራ ትነሳለች። የሬክተም ካንሰር ወደ ቆዳ ሲሰራጭ መልኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። መጽሐፉ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ብላ ልትታይ ትችላለች። ብዙ ሰው ላይ አይመጣም፣ ከመቶ አምስት አይሞላም። ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና በተደረገ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ የሚወደውም የሆድ ቆዳን፣ የቀዶ ጥገና ጠባሳንና የመቀመጫን አካባቢ ነው። አንተ አሥራ አራተኛ ወርህን ይዘሃል።

ሌላም ልትሆን ትችላለች። የተቀበረ የስፌት ክር ያብጣል፣ ጠባሳም ራሱ ያብጣል። ሄርኒያም አለ፤ በጀርባህ ተኝተህ እጅህን ጣልባትና ሳል። ስትስል ገፍታ ከወጣች፣ ዝም ስትል ከገባች አንጀት ሊሆን ይችላል፤ እሱን በምላጭ መንካት አንጀት መቅደድ ነው። የትኛዋም ብትሆን ምላጭ አታስነካት።

እምብርትህንም እይ። እዚያ የሚወጣውን እብጠት ከሆድ ካንሰር ጋር ያያያዘችው እንደ እኔ ነርስ ናት፣ ሚኒሶታ ሮቸስተር ውስጥ ከዶክተር ዊልያም ማዮ ጋር ቀዶ ጥገና ክፍል የምትሠራ መነኩሲት፣ ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ። ምልክቱ እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

እኔ ግን ከመቀመጫህ የወጣውን ያንን የመጀመሪያውን ደም ኪንታሮት ነው አልኩህ። ስምንት ወር ቅባት ላኩልህ። በጣት የሚደረስበት ቦታ ነበር፤ ጓንት አጥልቆ የሚመረምር ሰው ጋ ሂድ ማለት አቃተኝ፣ አንተም ታፍር ነበር፣ እኔም አሳፈርኩህ። አሁን በስልክ አላክምህም።

ሰኞ ጠዋት ቀዶ ጥገና ያደረገልህ ሐኪም ዘንድ ሂድና ናሙና ይወሰድልኝ በል። ከላይ ያለው ቆዳ ደህና ነው፣ ክፉው ከሥሩ ነው ያለው፤ ላይ ላዩን ቢላጥ ምንም አይገኝም። ወይ 4 ሚሊሜትር በሆነ ክብ መቁረጫ እስከ ስቡ ይወርዳሉ፣ ወይ ትንሽ ስለሆነች ሙሉዋን ያወጧታል። ከዚያ በፊት የደም ምርመራ ይሁን፣ ኬሞ ፕላትሌትን፣ ደም የሚያረጋውን ሴል፣ ያወርዳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ቀድመህ ተናገር። ሥጋው በ10 ፐርሰንት ፎርማሊን፣ በራሱ መጠን አሥር እጥፍ ውስጥ ይግባ፤ አልኮል ውስጥ ወይም በደረቅ ፋሻ ከተጠቀለለ ተበላሸ ማለት ነው። መጠየቂያው ወረቀት ላይ «እብጠት» ብቻ ጽፈው እንዳይሰጡህ። የሬክተም ካንሰር ታማሚ መሆንህ፣ የቀዶ ጥገናው ቀን፣ የወሰድከው ኬሞ ይጻፍ። የድሮውን የፓቶሎጂ ውጤትም አያይዝ፣ ያለሱ ፓቶሎጂስቱ፣ ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል። ካንሰሩ ከየት እንደመጣ ለመለየት ናሙናው ላይ ሲኬ20፣ ሲዲኤክስ2 እና ሲኬ7 የሚባሉት ቀለሞች ቢሠሩ ጥሩ ነው፤ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ይዘው ሲኬ7 ካልያዘ ብዙውን ጊዜ ከአንጀት ነው።

ክሊኒኩ ቢበጣት ግን መግል የለም፣ ደም ብቻ ይወጣል። ናሙናው ቅርጫት ይገባል፣ ቁስሉ አይገጥምም፣ ያልገጠመ ቁስል ደግሞ ኬሞ ያዘገያል። ገባህ አይደል?

ሥርጭት ከሆነ የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ይታዘዛል፣ ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራም ይታዘዛል፤ ቆዳ ላይ ሲታይ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ሌላ መኖሩ የተለመደ ነው። ይህን የምልህ ሌላ ሰው በድንገት እንዳይነግርህ ነው፣ ሆዴ። ብቻዋን ከሆነች ትወጣለች። ካልሆነች ኬሞ ነው፤ የትኛው እንደሚሆን ለመምረጥ ራስ (RAS) እና ብራፍ (BRAF) የሚባሉት የካንሰሩ ጂኖች ምርመራ ይጠየቃል። ስትደማ ወይም ስታም ጨረር ይረዳል።

እስከዚያ ቀበቶህን ላላ አድርግ፣ ቅጠል አትለጥፍባት። በራሷ ከፈነዳች ንጹሕ ፋሻ ጭነህ 10 ደቂቃ ተጫን፣ እየገለጥክ አትይ። ፋሻው ከተጣበቀ አትንጨው፤ አንድ ሊትር ውሃ አፍልተህ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምርበት፣ ሲቀዘቅዝ በእሱ አርሰህ አላቀው። መሽተት ከጀመረች ሽታውን ስለሚቀንሰው መድኃኒት፣ ስለ ሜትሮኒዳዞል፣ ሐኪሙን ጠይቅ።

ሰላም እሑድ ማታ ትደርሳለች፣ ሰኞ አብራህ ትገባለች። ወረቀቶቹ ቁም ሣጥኑ ላይ በቢጫው ፌስታል ናቸው፣ ሲዲውንም አትርሳ። የቅዳሜውን ቀጠሮ ዛሬ ደውለህ ሰርዝና ንገረኝ። ለአባትህ እኔ እነግረዋለሁ፣ አንተ አትንገረው።

እናትህ