አባዬን ኪኒኑን ያስጣለው ዘገባ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ቬገስ ነርቭ ያወጣችሁት ዘገባ እዚህ አዳማ በቴሌግራም ስንቱ ጋ ደረሰ መሰላችሁ! የኔ ጸብ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ለመኪና ማቅለሽለሽ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ሃርት አታክ ያገኘውን ሰው «ከድንገተኛ ሞት ይጠብቃል» ብላችኋል። ማን አላችሁ?

ግማሹ እውነት ነው። ቬገስ የልብን ምት የሚያረጋጋ ነርቭ ነው፤ ከሃርት አታክ በኋላ ሥራው ይዳከማል። ጤነኛ ልብ ፈጠን ዘግየት እያለ ይመታል። ይህ መለዋወጥ በጣም ሲቀንስ የሞት አደጋ እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ1987 በ808 ሕሙማን ላይ ታይቷል። ስኮፖላሚን በትንሽ መጠን መለዋወጡን ከፍ ያደርገዋል። እስከዚህ አልጣላም።

ግን የመለዋወጡ ቁጥር ተሻሻለ ማለት ሰውዬው ተረፈ ማለት ነው? በ1995 የወጣ ጥናት ሃርት አታክ በደረሰባቸው ውሾች ላይ ይህንኑ ሞክሯል። ቁጥሩ ተሻሻለ፤ ገዳዩ የምት መዛባት ግን አልቀረም። የተሻለ የጠበቃቸው የአካል እንቅስቃሴ ነበር። ሰው ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1989 ፍሌካይናይድና ኢንካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶች የተዛባውን ምት ጸጥ ሲያደርጉ የሚሞተው ሰው ግን በዛ፤ ሙከራቸው ተቋረጠ። ይህን ሁሉ ዘላችሁ «ይጠብቃል» ስትሉ እጃችሁ አልተንቀጠቀጠም?

አባዬ ከሃርት አታኩ ወዲህ አቴኖሎል ይወስዳል። እናንተ እንዲህ ያሉትን «ልብን የሚያዘገዩ የድሮ መድኃኒቶች» ብላችሁ አለፋችኋቸው። አነበበ፤ አመነ። የፋርማሲዋን ትንሽ ፖስታ ስከፍት ኪኒኖቹ አልተነኩም። «አዲሱ እስኪመጣ ልቤን ላሳርፋት» አለኝ። ይህን ኪኒን በድንገት ማቆም ራሱ ሌላ ሃርት አታክ ሊጠራ እንደሚችል የት ጻፋችሁ? ሐኪሙ በስልክ ተቆጥተውት ነው ወደ ኪኒኑ የተመለሰው።

የናቃችሁት የድሮ መድኃኒት ደግሞ ማስረጃ አለው። የዚያው ወገን የሆነው ፕሮፕራኖሎል በ1980ዎቹ መጀመሪያ በወጣ ጥናት በ3,837 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሞትን ከ9.8 በመቶ ወደ 7.2 በመቶ አወረደ። የቬገስን ሥራ የሚያሳየውን ያንን የምት መለዋወጥም ያሻሽላል። ዛሬ ለሁሉም ታማሚ ያስፈልጋል ወይ የሚል ክርክር አለ። እሱን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው፣ ጋዜጣ አይደለም።

ስለ አዳማ ሙቀትም ልንገራችሁ። ስኮፖላሚን ላብ ይቀንሳል፤ በኛ ፀሐይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፕሮስቴት ያለበትን ሽንት ሊከለክለው፣ ሽማግሌን ሊያደናግር ይችላል። መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ቬገስን ራሱን ይዘጋና ልብን ያፈጥናል። የኛ ሰፈር አባቶች ግን ፋርማሲ ሄደው «ያ የጆሮው ፕላስተር አለ?» እያሉ ነው።

መጨረሻ ላይ «የልብ ስፔሻሊስትዎን ያማክሩ» ብላችሁ ዘጋችሁ። የልብ ስፔሻሊስት እንደ ሱቅ በየመንደሩ ያለ መሰላችሁ? አባዬ ለክትትል አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፤ ከቀጠሮ ቀጠሮ ወራት ያልፋሉ። በመሀል እጁ ላይ ያለው እናንተ የጻፋችሁት ነው።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው ርዕስ መጠን አውጡልን። ማንም ኪኒኑን ሐኪሙን ሳያናግር እንዳያቆምም በደማቁ ጻፉ።

የአንድ የልብ ታማሚ ልጅ
ከአዳማ