አሮጌው ተሳቢ ቤት «የቆርቆሮ ሳጥን» አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር እትማችሁ ላይ አንድ አንባቢ ስለ ዕረፍት ጉዞ በሰጡት አስተያየት፣ በዋሽንግተንና በኦሪገን የውቅያኖስ ዳርቻ ለእንግዶች የሚከራዩትን አሮጌ ትሬይለሮች (በመኪና የሚጎተቱ ተሳቢ ቤቶች) «የቆርቆሮ ሳጥን» ብለዋቸዋል፤ ልጆችንና ወላጆችን ይዞ እዚያ ማደርም በገንዘብ ችግርን መግዛት እንደሆነ ጽፈዋል። እኛ ከቆርቆሮ ጋር ያለንን ትውውቅ ስለማውቅ አባባላቸው አላስቀየመኝም። በሐምሌ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድበት ጎን ለጎን የተኙ ሰዎች የማይደማመጡበት፣ ቀትር ላይ የሚፋጅ፣ ሰው አቅሙ ሲፈቅድ በሌላ የሚለውጠው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የነቀፏቸው ቤቶች ታሪካቸውም አሠራራቸውም ሌላ ነው። እኔ ባለፉት ሦስት ዓመታት አራት ጊዜ አድሬባቸዋለሁ፤ ከአራቱ አንዱ ክፉ ሌሊት ነበር። ስለዚህ የማውቀውን ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈል ጥቂት ቦታ እንድትፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ።

አስቀድሜ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ፤ ስለነዚህ ቤቶች የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና። አባቴ ድንበሩ እስከተዘጋ ድረስ በአዲስ አበባና በአሰብ መካከል ኤንትሬ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊያት 682 ኤን 3ን ሾፌሮቻችን የሚጠሯት በዚህ ስም ነበር። ከኋላ ተሳቢ አስከትለው፣ ሌሊቱን በሚሌ ወይም በዲቾቶ ሙቀት ጋቢና ውስጥ እያደሩ ነው እኛን ያሳደጉን። ሲያትል እኔ ዘንድ ከመጡ በኋላ ውቅያኖስ ላሳያቸው ፈልጌ፣ የምናድረው በአሮጌ ትሬይለር ውስጥ መሆኑን ስነግራቸው፣ እንደፈራሁት ቅር አላላቸውም። «ተሳቢው ስንት ዓመቱ ነው? ማን ነው የሚጠብቀው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ ማንም የሚጠይቀው ነው። ሁለተኛውን ግን እኔ አስቤው አላውቅም ነበር።

የሄድነው ሲቪው ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ከሲያትል በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከተማዋ የኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ፓስፊክ ከሚገባበት አፍ በስተ ሰሜን፣ ሎንግ ቢች በሚባለው ረጅምና ጠባብ የአሸዋ ምድር ደቡባዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። እዚያ አንድ የኦሪገን ሴናተር የነበሩት ሄንሪ ኮርቤት በ1892 ለበጋ ማረፊያ ያሠሩት ትልቅ የእንጨት ቤት ዛሬም አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በግቢው ዛፎች መካከል ደግሞ ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው የድሮ ትሬይለሮች ቆመው ለእንግዳ ይከራያሉ። የኛ ማደሪያ በአልሙኒየም የተለበጠ፣ ግንባሩ ክብ፣ ከእኔ በብዙ ዓመት የሚበልጥ ስፓርታን ነበር። ስፓርታን የኦክላሆማዋ ቱልሳ ከተማ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሥራ ነው። ፋብሪካውን የነዳጁ ባለሀብት ፖል ጌቲ ይመሩት ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አውሮፕላን በሚሠሩበት እጅና መሣሪያ ተሳቢ ቤት መሥራት ጀመሩ። ለዚህ ነው አካሉ እንደ አውሮፕላን ቆዳ ጥቃቅን ሪቬት (ቆርቆሮ ከቆርቆሮ አጣብቆ የሚይዝ ምስማር) በረድፍ የተመታበት።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ኤርስትሪምም የዚያው ዓይነት ሥራ ነው። ዋሊ ባያም የተባሉ ሰው በ1931 በካሊፎርኒያ የመሠረቱት ይህ ኩባንያ በ1936 ክሊፐር የተባለውን የአልሙኒየም ትሬይለር ሲያወጣ ዋጋው 1,200 ዶላር ነበር። ያ ገንዘብ በዚያን ዘመን አንድ ተራ አዲስ መኪና ገዝቶ የሚተርፍ ነው፤ «የድሃ መጠለያ» የሚለው አነጋገር ከመነሻው ልክ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጉዳዩ እኛንም ይነካል። ባያም በ1959 አርባ አንድ ኤርስትሪሞችን አሰልፈው ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ጉዞ ሲያደርጉ በኢትዮጵያ በኩል ነው ያለፉት፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እንግዶቹን አዲስ አበባ ላይ ተቀብለዋቸዋል። ጸሐፊው ያቃለሉት ቤት የሀገራችንን ጭቃና ዳገት ቀምሶ ያለፈ ነው ማለት ነው።

ወደ ሲቪው ልመለስ። አባቴ በሩን ከፍተው ከመግባታቸው በፊት ዙሪያውን ሄዱበት። ጎማዎቹን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው ከሥር ያለውን ብረት አዩ፤ ከዚያም መዳፋቸውን በሪቬቱ ረድፍ ላይ አድርገው ከፊት እስከ ኋላ እየዳሰሱ ሄዱ። ውስጥ ከገቡ በኋላ ማር የመሰለውን የእንጨት ግድግዳ፣ ታጥፋ አልጋ የምትሆነውን ጠረጴዛ፣ ትንሿን የቡታጋዝ ምድጃ አይተው ዝም አሉ። በመጨረሻ ከመስኮቱ ሥር ያለውን የወለሉን ጥግ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ወለሉ አልሰጠም። «ደረቅ ነው። ውሃ ገብቶበት ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ እንደ ዳቦ ይሰምጥ ነበር። ሰውየው ጣሪያውን ይጠብቃል» አሉኝ። ሰውየውን አላዩትም፤ ሥራውን ግን አይተውታል።

ይህ ጥበቃ በተለይ ባሕር ዳር ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ብዙ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም። ከውቅያኖሱ የሚነሳው ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል። የአልሙኒየም ገላ በብረት ብሎን በተያያዘበት ቦታ ሁሉ ጨዋማው እርጥበት በሁለቱ መካከል ሲገባ እንደ ባትሪ ስለሚሠራ፣ አልሙኒየሙ በብሎኑ ዙሪያ እየነጣና እየተፈረፈረ ያልቃል። የእንጨት አጥንት ላይ ቀጭን አልሙኒየም ለብሰው የተሠሩት ትናንሾቹ ትሬይለሮች፣ ለምሳሌ ከኋላቸው ክንፍ የሚመስል ጌጥ ያላቸው ሻስታዎች፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። ውሃ በጣሪያው መጋጠሚያ ወይም በመስኮቱ ጥግ ጠብ ካለ፣ ኮምፔንሳቶውና ማገሩ ከቆዳው ጀርባ በስብሶ እስኪያልቅ ድረስ ከውጭ ምንም አይታይም። ስለዚህ ባለቤቱ መጋጠሚያዎቹን በየጊዜው መፈተሽ፣ የደረቀውን ማሸጊያ ፍቆ አዲስ መሙላት፣ የዛገውን ብሎን በማይዝግ መተካት አለበት። የሰሜን ምዕራቡን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ በአንድ ክረምት ቢታለፍ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅተውም። ከምንከፍለው ኪራይ ከፊሉ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ ተገቢም ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ክፉው ሌሊት ልናገር። ያደርነው በኦሪገን ዳርቻ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ቦታ ነበር፤ ጊዜው ኅዳር፣ ዝናቡ የማያባራ። ከሲቪው ስፓርታን በዕድሜ የሚያንስ ትሬይለር ነበር፤ ፎቶግራፉ ግን እጅግ ያምራል። እኩለ ሌሊት ላይ የልጄ ፍራሽ በግድግዳው በኩል ርሶ ነቃ፤ ራሱን እንደሚያመውም ነገረኝ። የጋዝ ማሞቂያው ይነድ ነበር። ጣሪያውን ባበራ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ብቻ አየሁ። ማሞቂያውን ዘግቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ የቀረውን ሌሊት መኪና ውስጥ አቅፌው አነጋሁ። ራስ ምታቱ ከምን እንደመጣ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ንጹሕ አየር ካገኘ በኋላ ግን ለቀቀው። ጠዋት ለአከራዩ ስነግረው የሰጠኝ መልስ «አሮጌ ነገር እኮ ነው» የሚል ነበር።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው። ያ አከራይና ባለፈው ወር የጻፉልን አንባቢ ሳይተዋወቁ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ አሮጌ ከሆነ የተበላሸ መሆኑ አይቀርም ብለው። አንዱ በዚህ ምክንያት ቤቱን ናቀው፣ ሌላው በዚሁ ምክንያት ሳይጠግን አከራየው። ሲቪው ላይ የዳበስነው ወለል ግን በዕድሜ ይበልጥ ነበር፤ ደረቅም ነበር። ዕድሜ ለማንም አከራይ ማመካኛ ሊሆን አይገባም። እኛም ተከራዮቹ እንደ አባቴ «ማን ነው የሚጠብቀው?» ብለን የመጠየቅ መብት አለን።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ጣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታሸገ ጠይቁ። ቤቱን የሚንከባከብ ሰው ወሩን ሳይቀር ይነግራችኋል። የጋዝ፣ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወሎች መኖራቸውን ጠይቁ፤ ስትደርሱም ቁልፋቸውን ተጭናችሁ ድምፃቸውን ስሙ። በሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ለአደጋ ጊዜ መውጫ የሚሆነው መስኮት መከፈቱን በእጃችሁ ሞክሩ። ባሕሩ ዳር ያለው መሬት ዝቅተኛ መሆኑንም አትርሱ። በዚህ ዳርቻ ጃንዋሪ 26 ቀን 1700 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሳው ማዕበል ጃፓን ድረስ ተሻግሯል፤ ስለዚህ ወደ ከፍታ የሚወስደውን መንገድ ከመተኛት በፊት ማየት ፍርሃት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

በተለይ ለኛ ሰው አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ እወዳለሁ። የከሰል ማንደጃ ይዛችሁ አትግቡ። በቤት ውስጥ በከሰል ጭስ ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ትሬይለር ደግሞ ከማንኛውም መኝታ ቤት ይጠባል። ብርዱ ሲጠና ወይም ቡናው ያለ ከሰል አይጥምም ሲባል ልብ ሊሸነፍ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቡናው ደጅ ይቆላ፣ ጀበናውም ደጅ ይጣድ። እኛ እንደዚያ አድርገን፣ እጣኑንም ደጅ አጭሰን፣ የቡናው ሽታ ከጎረቤት ትሬይለር ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ጠርቶልን እስከ ሦስተኛው ስኒ አብረውን ተቀምጠዋል። ሆቴል ኮሪደር ውስጥ ይህ ሊሆን አይችልም።

ጸሐፊው ትክክል ያሉበትም ቦታ አለ። ኪራዩ ሁልጊዜ ከሆቴል አይረክስም። መታጠቢያና መጸዳጃው በብዙ ቦታ ከትሬይለሩ ውጭ፣ ለሁሉም እንግዶች የጋራ ነው። ጉልበታቸው ለደከመ ወላጆች ሌሊት በዝናብ መውጣት ቀላል አይደለምና ቅርብ የሆነውን ወይም የራሱ ያለውን አስቀድማችሁ ምረጡ። መግቢያው ደረጃም ከፍ ይላል፤ እኛ አባቴን በክንዳቸው ይዘን ነው ያወጣናቸው።

ሲቪው ላይ ባደርንባት በዚያች ምሽት አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ያንኑ ደረጃ መቀመጫ አደረጉት። ባሕሩ ከአሸዋው ክምር ወዲያ ስለሆነ አይታይም፤ ድምፁ ግን ሳያቋርጥ ይመጣል። «የአሰብ ባሕር እንዲህ አይጮኽም ነበር፤ ዝም ብሎ ነው የሚተኛው» አሉ። ከዚያም በአሰብ መንገድ ላይ ስለነበሯቸው ረዳቶች፣ አንድ በአንድ በስማቸው እየጠሩ፣ እኔ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ድረስ አወሩኝ። ልጄ ውስጥ ሆኖ በመስኮቱ ያዳምጥ ነበር።

ያንኑ ስፓርታን ለመጪው መስከረም ለሁለት ሌሊት ይዘነዋል። ባለፈው ወር የጻፉት ወንድማችን ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ለአንድ ቀን ብቅ እንዲሉልን በዚህ ጋዜጣ በኩል በአክብሮት እጋብዛቸዋለሁ። አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ አለ። ቡናውን እኛ እናፈላለን፤ የወለሉን ጥግ የሚያሳዩዋቸው ግን አባቴ ናቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከሲያትል